የቀያሾቹ ምሳሌና የመቀነስ ምልክቱ

የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ በስሙ ምክንያት ብዙ ተጎድቷል። «ሁሉም ነገር አንጻራዊ ነው» የሚለው አባባል ከመምህር ወደ ተማሪ ሲሸጋገር፣ ተማሪው ሰዓት እንደሚዘገይና ዘንግ እንደሚያጥር ይሸመድዳል፤ ተመልካቾች ሁሉ የሚስማሙበት መጠን መኖሩን ግን ሳያውቅ ትምህርቱን ይፈጽማል። ኤድዊን ቴይለርና ጆን ዊለር በ1966 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትና በ1992 እ.ኤ.አ. አሻሽለው ያቀረቡት «ስፔስታይም ፊዚክስ» የተባለው መጽሐፍ ይህን ልማድ ገልብጦ ከማይለዋወጠው መጠን ይነሣል።

መክፈቻው የሁለት ወገን ቀያሾች ተረት ነው። የቀን ቀያሾች ሰሜንን በኮምፓስ፣ የሌሊቶቹ በሰሜን ኮከብ ይወስናሉ። ወደ ምሥራቅ ያለውን በሜትር፣ ወደ ሰሜን ያለውን ግን እንደ ቅዱስ በሚቈጥሩት ማይል ይለካሉ። ቍጥሮቻቸው አይገጥሙም። ከሁለቱም ዘንድ የተማረ አንድ ተማሪ ማይሉን ወደ ሜትር መንዝሮ፣ እያንዳንዱን ልኬት በራሱ አባዝቶ ቢደምር ድምሩ በሁለቱም መዝገብ አንድ ሆኖ ያገኘዋል። ሰከንድና ሜትርም እንዲሁ በብርሃን ፍጥነት የሚመነዘሩ መሆናቸውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ መግቢያ ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ ምሳሌው ከሚገባው በላይ ያሳምናል። በመሬት ላይ ሁለቱ ይደመራሉ፤ በሥፍራና በጊዜ ግን አንዱ ከሌላው ይቀነሳል። ከምድር ሲለካ 4 የብርሃን ዓመት ወደሚርቅ ኮከብ አንዲት መንኰራኵር በ5 ዓመት ብትደርስ፣ ከ25 ላይ 16 ሲቀነስ 9 ይቀራል። ለተሳፋሪው መነሻውም መድረሻውም የሆነው እርሱ ባለበት ስለሆነ ርቀቱ ዜሮ ነው፤ ስለዚህ የገዛ ሰዓቱ 3 ዓመት ብቻ ይቈጥራል። ሌላ ተመልካች የራሱን ጊዜና ርቀት ይዞ ቢመጣም ውጤቱ ያው 9 ነው። በወረቀት ላይ ሲነደፍ ግን የመንኰራኵሯ መሥመር ረጅም፣ ሰዓቷ የቈጠረው አጭር ይሆናል። ቀያሹን ያመነ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ብርሃንማ 4 የብርሃን ዓመት በ4 ዓመት ሲጓዝ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ በሁለት የተራራቁ ሥፍራዎች መካከል ዜሮ የሚጽፍ ቀያሽ የለም።

መጽሐፉ ይህን አልዘነጋም። ብርሃን ወደ መስተዋት ደርሶ ሲመለስ በማሳየት መቀነሱ ከየት እንደመጣ ያረጋግጣል፤ ነገር ግን በሁለተኛው እትም ተረቱ በ1ኛው፣ ማረጋገጫው በ3ኛው ምዕራፍ ይገኛል። በጥቂት ክፍለ ጊዜ የሚያስተምር መምህር 3ኛው ምዕራፍ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ትምህርት ማጣመር፣ ካልተቻለም ተረቱን መተው ይሻላል። ይኸው እትም መጠነ ቁስ በፍጥነት ይጨምራል የሚለውን የቆየ አነጋገር ትቶ እርሱንም ከማይለዋወጡት መቍጠሩ ግን ያለ ማመንታት ሊወሰድ የሚገባው ነው።