«ዳኛው» የትኛው ነው? ስለ ቡጢ አከራካሪ ውሳኔዎችና ስለ ዘገባቸው አማርኛ

የቡጢ ግጥሚያን የሚተርኩ የአማርኛ ዘገባዎች አሸናፊው በዝረራ ሲለይ ግልጽ ናቸው። «ዘረረ» ከሚለው ግሥ የወጣው «ዝረራ» ማንንም አያሳስትም፤ የተዘረረውን ተመልካች ሁሉ አይቶታልና። ችግሩ የሚጀምረው ግጥሚያው በነጥብ አልቆ ውጤቱ ሲያከራክር ነው። በዚህ ጊዜ ዘጋቢው ብዙውን ጊዜ «ዳኛው አዳላ»፣ «ድሉን ተነጠቀ» ብሎ ያልፋል። ይህ አነጋገር የቃላት ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉድለት አለበት ብለን እናምናለን፤ ማን ምን እንደ ወሰነ ሳይገለጽ ሰው ይወቀሳልና።

ነገሩን በሦስት ታዋቂ ግጥሚያዎች እንመርምር። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1947 በኒውዮርክ ጆ ሉዊስ ጀርሲ ጆ ዎልኮትን በነጥብ አሸነፈ ተባለ፤ ሉዊስ ግን በዚያ ግጥሚያ ሁለት ጊዜ ወድቆ ነበር። በመድረኩ ላይ ሁለቱን ያገላግል የነበረው ሩቢ ጎልድስቲን 7 ዙር ለዎልኮት፣ 6 ዙር ለሉዊስ ሰጥቶ 2ቱን አቻ አለ፤ ከመድረኩ ውጭ የተቀመጡት ሁለቱ ዳኞች ግን ለሉዊስ ፈረዱ። በ1971 በለንደን ጆ በግነር ሄንሪ ኩፐርን በሩብ ነጥብ ብቻ ሲያሸንፍ፣ ያገላገለውም ነጥብ የሰጠውም አንድ ሰው፣ ሃሪ ጊብስ ነበር። በ1988 ኢትዮጵያ ባልተካፈለችበት የሴኡል ኦሊምፒክ ደግሞ ፓርክ ሲ ሁን ሮይ ጆንስን 3 ለ2 አሸነፈ ሲባል፣ የፈረዱት አምስቱ ተቀማጮች ናቸው፤ በመድረኩ ላይ የነበረው ሰው ድምፅ አልነበረውም። በተደረገው ቈጠራ ጆንስ 86፣ ፓርክ 32 ቡጢ አሳርፈው ነበር።

እንግዲህ «ዳኛው ተሳሳተ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በ1971ዱ ግጥሚያ ላይ ሊነገር ይችላል፤ በ1947ቱ ላይ ግማሽ እውነት ነው፤ በ1988ቱ ላይ ፈጽሞ ትርጉም የለውም። በ1947 የነበሩ ጸሐፊዎች የእያንዳንዱን ዳኛ ቍጥር ለይተው ስለ መዘገቡ ክርክሩን ዛሬም መመርመር ይቻላል። የእኛ አንባቢ ግን ከ«ዳኛው አዳላ» ተነሥቶ የሚመረምረው ነገር አያገኝም።

አማርኛ ለዚህ ቃል አጥቶ ነውን? አይደለም። ከቡሬ ገጠር ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም ፍርድ ቤት የሚመላለስ ባለጉዳይ ችሎቱ «በሙሉ ድምፅ» ወይም «በአብላጫ ድምፅ» እንደ ወሰነ፣ የተለየ ዳኛ ካለም «የሐሳብ ልዩነት» እንዳለው አሳምሮ ያውቃል። ይግባኝ ለማለት የሚቈርጠውም ይህን አመዛዝኖ ነው። ገበሬው በችሎት ደጃፍ የሚለየውን ነገር የስፖርት ዓምድ ሳይለየው ሊቀር አይገባም።

አንዳንዶች ሁለት ዳኞች ለአንዱ፣ ሦስተኛው ለሌላው ሲፈርዱ «በተከፈለ ድምፅ» እንበል ይላሉ። ይህን አንቀበለውም። በአማርኛ «ተከፈለ» የተከፋፈለውንም ዋጋው የተሰጠውንም ያመለክታል፤ ጉቦ በሚጠረጠርበት ስፖርት ደግሞ «የተከፈለ ድምፅ» ሲባል ሰሚው ወዴት እንደሚያዘነብል ግልጽ ነው። «በድምፅ ልዩነት» ማለት ከዚህ አሻሚነት ነጻ ነው። ሦስተኛው ዳኛ አቻ ብሎ ሁለቱ ለአንዱ ሲፈርዱ «በአብላጫ ድምፅ»፣ ሦስቱም ሲስማሙ «በሙሉ ድምፅ» ይባል።

ስለ ወቀሳው ቃልም እንዲሁ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እንደ «ፍኖተ ሰላም» በግዕዝ ሥርዐት የተናበበው «ፍርደ ገምድል» እያወቀ ፍርድን የሚያጓድለውን ይነቅፋል፤ «ገመደለ» ከሙሉው ላይ ቈርሶ ማስቀረት ነውና። አይቶ የሳተ ሰው ግን ፍርደ ገምድል አይባልም፤ ተሳሳተ ይባላል። ስለ ሴኡሉ ውሳኔ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1997 የጉቦ ማስረጃ እንዳላገኘ አስታውቋል። ስለዚህ ውሳኔው ከቈጠራው ጋር አይጣጣምም ብሎ በብርቱ መንቀፍ ይቻላል፤ ዳኞቹን ፍርደ ገምድል ለማለት ግን የቡጢው ቈጠራ ብቻውን አይበቃም። «ድሉን ተነጠቀ» የሚለው ሐረግ ይህን ልዩነት ስለሚያጠፋ በዜና ባይገባ እንመርጣለን።

በመጨረሻም በመድረኩ ላይ ለሚያገላግለው፣ ከእግር ኳስ የተለመደው «የመሐል ዳኛ»፤ ውጭ ተቀምጠው ለሚፈርዱት «ነጥብ ሰጪ ዳኛ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። እንደ ጊብስ ሁለቱንም ለሚሠራው «ነጥብ የሚሰጥ የመሐል ዳኛ» ማለት ይበቃል። እነዚህ ቃላት አዲስ አይደሉም፤ ሁሉም በሕዝቡ አፍ ያሉ ናቸው። ዘጋቢው በየቦታቸው ቢያውላቸውና የእያንዳንዱን ዳኛ ነጥብ አብሮ ቢያሰፍር፣ አንባቢው ተቈጥቶ ከመቅረት ይልቅ ራሱ መዝኖ ለመፍረድ ይችላል።