ለቀብሩ እድር አለን፣ ለሕክምናውስ?

አያታችሁ ታመው ሆሳዕና ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል ቢገቡና መናገር ቢያቅታቸው፣ ስለ ሕክምናቸው የሚወስነው ማነው? በሀዲያና በከምባታ በብዙ ቤት መልሱ ስልክ ነው፤ ወጪውን የሚልከው ልጅ ደቡብ አፍሪካ ነዋ!

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ አቱል ጋዋንዴ እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተመው «ቢዪንግ ሞርታል» ይህን አስቀድመን እንድንነጋገርበት ይገፋፋል። ጥንካሬው ጥያቄዎቹ ናቸው፦ ስለ ሕመምዎ ምን ያውቃሉ? በጣም የሚያስፈራዎት ምንድነው? ዕድሜ ለመጨመር ሲሉ እስከምን ድረስ ይታገሣሉ? ከቅጽ በፊት ወሬውን ማስቀደሙ ለእኛም ይሆናል።

ድክመቱስ? ጋዋንዴ ሕንድ ውስጥ በቤተሰብ ተከበው 110 ዓመት ገደማ የኖሩትን አያቱን ያነሳል፤ ወጣቱ ሲሄድ ያ አኗኗር እንደሚፈርስም በትክክል ያያል። ወሳኙ ልጅ ባሕር ማዶ ሲሆን ምን እንደሚደረግ ግን ብዙም አይነግረንም።

«ባህላችን አይፈቅድም፣ ሟርት ነው» የሚሉም አሉ። አይመስለኝም። እድር እኮ ለሞት አስቀድሞ መዘጋጀት ነው! የጎደለን ከቀብር በፊት ላሉት ቀናት የሚሆነው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ሰው ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ፍላጎቱ ካልተነገረ ግን ማን ያውቅለታል?

በምህንድስና መጠባበቂያ ጄኔሬተር የሚገጠመው መብራት ሳይጠፋ ነው። ለያሆዴ ወይም ለመሳላ ቤተሰብ ሲሰበሰብ፣ ጆሃንስበርግ ያለውንም በስልክ አስገብታችሁ ጠይቁ፦ «አባባ፣ መናገር ቢያቅትዎት ማን እንዲናገርልዎት ይፈልጋሉ?» ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ።