ሆቴል እንደ መድረክ፤ በታሪካዊ ሆቴሎች አተራረክ ላይ የቀረበ ሂስ

የቴያትር ተመልካች መድረኩን እንጂ የመጋረጃውን ገመድ የሚስበውን ሰው አያይም። ስለ ታሪካዊ ሆቴሎች የሚጻፉ መጣጥፎችም ከዚህ ተመልካች እምብዛም አይለዩም። ደረጃው፣ ዐምዱና የእብነ በረዱ ወለል ተዘርዝሮ ሲያበቃ፣ በየትኛው ክፍል የትኛው ንጉሥና የትኛው ደራሲ እንዳደረ ይነገራል። አልጋውን ያነጠፈው፣ ሻንጣውን ያወጣው፣ ሌሊቱን ምድጃ ሲቆሰቁስ ያደረው ሰው ግን ከትረካው የለም። ይህ ጉድለት የመርሳት ብቻ አይደለም። ትረካው ዘወትር ከእንግዳው ወንበር ላይ ስለሚጀምር የሚመጣ የአመለካከት ጉድለት ነው።

የሲንጋፖሩ ራፍልስ ሆቴል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ሳርኪስ የተባሉ አርመናውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1887 በባሕር ዳር በነበረ ባለ ዐሥር ክፍል ቤት ጀመሩት። ዋናው ሕንፃ በ1899 ተሠራ። ልክ በመቶኛው ዓመት፣ በ1987፣ ብሔራዊ ቅርስ ተባለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ለእድሳት ተዘግቶ በ1991 እጅግ የከበረ ሆቴል ሆኖ ተከፈተ። ስሙ በተነሣ ቁጥር ኪፕሊንግና ሶመርሴት ሞም አብረው ይነሣሉ። በውስጡ ከሠሩት መካከል ዓለም በስም የሚያውቀው አንድ ሰው ቢኖር መጠጥ ቀማሚው ኝያም ቶንግ ቡን ነው፤ እርሱም ቢሆን ሊታወስ የቻለው «ሲንጋፖር ስሊንግ» የተባለው መጠጡ ዛሬም ገበያ ስላለው ነው።

የሞስኮው ሜትሮፖል የበለጠ የተወሳሰበ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ሲከፈት ግንባሩ ላይ የሠዓሊው ቭሩቤል የሸክላ ሥዕል ተለጥፎበት ነበር፤ ኪነ ጥበብ በመንገደኛው ሁሉ ዐይን ሥር ወጥቶ የቆመበት ሆቴል ነው ማለት ይቻላል። በ1918 አዲሱ መንግሥት መዲናውን ወደ ሞስኮ ሲያዛውር ሕንፃው «ሁለተኛው የሶቪየቶች ቤት» ተባለ፤ የሀብታም መኝታዎችም የሹማምንት መኖሪያና መሥሪያ ቤት ሆኑ። ኋላ ወደ ሆቴልነቱ ተመለሰ።

አሜሪካዊው ደራሲ ኤሞር ታውልስ በ2016 ያሳተመው «አ ጀንትልማን ኢን ሞስኮ» የተባለው ልብ ወለድ በአብዛኛው በዚሁ ሆቴል ውስጥ ያልፋል። ካውንት ሮስቶቭ የተባለ መኳንንት በ1922 ከሆቴሉ ደጅ እንዳይወጣ ይፈረድበታል፤ ከሰፊ ክፍሉ ወደ ጣሪያ ሥር ጠባብ ክፍል ይወርዳል፤ በመጨረሻም በሆቴሉ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ይሆናል። የደራሲው ብልሃት የሚደነቅ ነው፤ የትረካውን ዐይን ከወንበሩ አንሥቶ ወደ ትሪው አዙሮታልና። ወጥ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ሁሉ ስምና ጠባይ አግኝተዋል። ሆኖም ልብ ብሎ ላነበበው አንድ ነገር ይጎረብጣል። በዚያ ቤት ከሁሉ የላቀው አስተናጋጅ መኳንንቱ ነው፤ ጥበቡንም ያገኘው ሲስተናገድ ባደገበት ሕይወት ነው። በአንጻሩ ከተራ አስተናጋጅነት ተነሥቶ ሥራ አስኪያጅ እስከ መሆን የሚደርሰው ሰው ሥራውን የማያውቅ፣ በድጋፍ የወጣና ቂመኛ ሆኖ ተስሏል። እንዲህ ያለ ሰው በዓለም የለም አይባልም። ነገር ግን ከታች የሚነሣ አንድ እንኳ ባለ ሙያ በሌለበት ትረካ ውስጥ ብቻውን ሲቆም፣ የደራሲውን ዝንባሌ ያጋልጣል። ዐይኑ ወደ ትሪው ቢዞርም ልቡ ከወንበሩ አልተነሣም።

በአዲስ አበባ የጣይቱ ሆቴል ታሪክ ጉዳዩ ሌላ መልክ ይይዛል። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1890ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ በፒያሳ ያሠሩት ይህ ቤት፣ ከአንድ የምቾት ስፍራ ይልቅ የአንድ ልማድ መሰበሪያ ነበር። ከዐድዋ ድል ወዲህ ለጋሲዮኑና የውጭ ነጋዴው በዝቶ ማረፊያ አስፈልጎ ነበር። አገሬው ግን የመሸበትን መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ የሚያሳድር፣ ጠላና ጠጅ ቢሸጥም እንጀራ አብልቶ ዋጋ መጠየቅን እንደ ነውር የሚቆጥር ነበር። ሆቴሉ በተከፈተ ሰሞን ተመጋቢ በመጥፋቱ፣ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን አስከትለው ገብተው፣ በልተውና ሂሳብ ከፍለው አርአያ ሆኑ የሚለው ትረካ በቃል ተደጋግሞ ይወሳል። ዝርዝሩ እንደ ተራኪው ቢለያይም ድራማዊ ፍሬው አንድ ነው። በግብር አዳራሽ ማንም አይከፍልም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ እንደ ማዕረጉ ይቀመጣል፤ የሚበላውም እንደ ማዕረጉ ነው። በሆቴል ግን የሚያስቀምጠው የያዘው ገንዘብ ነው። ግብር አብይው ንጉሥ ከፋይ ሆኖ የተቀመጠባት ያቺ ሰዓት፣ ለተውኔት ጸሐፊ ከብዙ የጦር ሜዳ ትዕይንት የምትበልጥ ናት።

አሳላፊውስ? በግብሩ ላይ የጌታው ሎሌ የነበረው ሰው በሆቴሉ ደመወዝተኛ ሆነ፤ ስሙ ግን ቶሎ አልተሻሻለም። ለረጅም ዘመን «ቦይ» እየተባለ በጭብጨባ ይጠራ ነበር። «አስተናጋጅ» የሚለው ቃል በዚያ ስፍራ መተካቱ ቀላል የቋንቋ ለውጥ አይደለም።

እንግሊዛዊው ኢቭሊን ዋው በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓል፣ በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ጦርነቱን ለመዘገብ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ከዚያ የቀሰመውን በልብ ወለዱ «ስኩፕ» ውስጥ አፈሰሰው፤ ሆቴሉም የውጭ ጋዜጠኞች ወሬ የሚፈበርኩበት ቤት ሆኖ ቀረበ። በጋዜጠኞቹ ላይ ያለው ፌዝ ዛሬም ስለታም ነው። አገሬው ግን ከማላገጫነት አላለፈም። ከዚያው ከፒያሳ አካባቢ የተነሣው የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» ስለ ሆቴል ባይሆንም፣ የውቤ በረሃን ሌሊት የሚያየው በዚያ ሌሊት እንጀራቸውን ከሚያገኙት ሴቶች መካከል ተቀምጦ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ፣ ወንበር መቀያየር ምን ያህል ዓለም እንደሚቀይር ያያል።

የጣይቱ ሆቴል በደርግ ዘመን ወደ መንግሥት ይዞታ ገባ፤ በኋላም ወደ ግል ተዛወረ። ለዓመታት ደህና የጾም ምግብ የሚበላበት፣ ኪሱ የሳሳ መንገደኛም የሚያድርበት ቤት ነበር። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. የተነሣው እሳት ከሕንፃው ከፊሉን ከጃዛምባ የሙዚቃ አዳራሽ ጋር በላው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በብዛት ፈረሱ። ጎረቤቱን ያጣ ታሪካዊ ቤት የሚደርስበት ዕጣ ከራፍልስ ይታወቃል፤ ይታደሳል፣ ይወደዳል፣ ከዚያ በቀድሞ ዋጋው ይገባ የነበረው ሰው ከውጭ ቆሞ ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ግድግዳውን ከመፍረስ ማዳን የመሐንዲስ ሥራ ነው። ደጁ ለማን ይከፈት የሚለው ግን መሐንዲሱን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ደራሲውም፣ መምህሩም፣ የባህል ሠራተኛውም የሚጠየቁበት ነው።

ስለዚህ ቤት ተውኔት ሊጽፍ የሚነሣ ደራሲ ቢኖር፣ መጋረጃውን በንጉሠ ነገሥቱ መግቢያ ባይከፍተው ይበጃል። ከወጥ ቤቱ ይጀምር። አንዲት ወጥ ሠሪ ሽንኩርት እያቁላላች ነው። በሩን ገፍቶ የገባው አሳላፊ ባዶ ትሪውን ይዞ ይቆማል። እንግዶቹ በልተው መጨረሳቸውን፣ ነገር ግን አለመነሣታቸውን ይነግራታል። ምን ይጠብቃሉ ብላ ትጠይቀዋለች። «ስንት ነው ይላሉ» ይላታል፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ።