«ድንጋጤ»፣ «አረፋ»፣ «ዕድሜ»፦ በአንድ የትርጉም ረቂቅ ላይ የቀረበ አስተያየት

ለማዕድንና ለመንገድ ሥራ የሚውሉ ፈንጂዎችን ጉልበት ውሃ ውስጥ በማፈንዳት ስለ መለካት የሚያትት የአማርኛ ትርጉም ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶናል። የተርጓሚው ዓረፍተ ነገር የቀና ነው። ቅር ያሰኘን የስያሜው ነገር ነው፤ በዚህ ሙያ ደግሞ ስያሜ ሲሳሳት ስሌትም ይሳሳታል።

አስቀድመን አሠራሩን ባጭሩ እናስታውስ። ዐለት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ውሃ ግን አንድ ወጥ ስለ ሆነ ፈንጂን ከፈንጂ ለማወዳደር ይመቻል። የተመዘነ ፈንጂ ኩሬ ውስጥ በታወቀ ጥልቀት ይንጠለጠላል፤ በተለካ ርቀት ላይ የግፊት መለኪያ ይቀመጣል። ሲፈነዳ በመጀመሪያ ብርቱ የግፊት ሞገድ መለኪያውን ይመታዋል። ቀጥሎ ጋዙ ውሃውን እየገፋ ያብጣል፤ ከልኩ አልፎ ስለሚያብጥ ውሃው መልሶ ይጨፈልቀዋል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ግፊት ይልካል። ከሞገዱ አንድ ጉልበት፣ በሁለቱ ግፊቶች መካከል ካለው ጊዜ ሌላ ጉልበት ይሰላል። በድንጋይ ካባ ሥራ የመጀመሪያው ዐለቱን ከመሰንጠቅ፣ ሁለተኛው የተሰነጠቀውን ከመፈንቀል ጋር ይያያዛል።

ረቂቁ የመጀመሪያውን «የድንጋጤ ጉልበት» ይለዋል። ድንጋጤ የልብ እንጂ የውሃ አይደለም። የባዕዱ ቃል ሁለቱን ፍች ቢይዝ አማርኛ ምን ዕዳ አለበት? «የምት ጉልበት» ይበቃል።

«አረፋ» ይበልጥ ያከራክራል። ለአማርኛ ተናጋሪ አረፋ የሳሙና ነው፤ ብዙ፣ ጥቃቅን፣ ከላይ የሚንሳፈፍ። ከፍንዳታው በኋላ ኩሬው ላይ ነጭ አረፋ ስለሚታይ አንባቢ የሚለካው እሱ ይመስለዋል። የሚለካው ግን አንድ ብቻ ነው፤ 1 ኪሎግራም ቲኤንቲ በ10 ሜትር ጥልቀት ቢፈነዳ ዲያሜትሩ 2 ሜትር ያልፋል። እኛ «የጋዝ ፊኛ» መርጠናል፤ ፊኛ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ፊኛ ቆዳ አለው፣ ይህ የለውም የሚል ተቃውሞ ከመካከላችን ተነሥቷል፤ እውነት ነው፤ ሆኖም አሳሳችነቱ ከአረፋ ያነሰ ነው።

ከሁሉ የከፋው «የአረፋው ዕድሜ» የሚለው ነው። ዕድሜ እስከ ሞት ይቆጠራል፤ ፊኛው ግን ከመጀመሪያው ጭፍለቃ በኋላ ደግሞ ያብጣል። የሚፈለገው ከፍንዳታው እስከ መጀመሪያው ጭፍለቃ ያለው ጊዜ ብቻ ነው፤ በጠቀስነው ምሳሌ 0.17 ሴኮንድ ያህል። ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1917 በፈሳሽ ውስጥ ስላለ ባዶ ቦታ መደፈን ባቀረበው ስሌት ላይ የተመሠረተው ቀመር ይህን ጊዜ ወደ ሦስተኛ ርቢ ያነሣዋል። የ1 ከመቶ ስሕተት በጉልበቱ ላይ 3 ከመቶ ይሆናል፤ ጊዜውን እጥፍ አድርጎ የቆጠረ ጉልበቱን ስምንት እጥፍ ያደርገዋል። «ዕድሜ»ን አምኖ የለካ ሰው ደካማውን ፈንጂ ብርቱ ነው ብሎ ይመዘግባል። በምትኩ «የመጀመሪያ ትርታ ጊዜ» እንዲባል እንሻለን፤ ትርታ ተደጋጋሚነቱን ራሱ ይናገራል።

ተርጓሚው ለአንዱ ጽንሰ ሐሳብ ጉልበት፣ ኃይል፣ አቅም እያለ ማፈራረቁም አልበጀም። በልብ ወለድ ያምራል፤ እዚህ ግን አንባቢን ሦስት መጠን ያስፈልገዋል።

የቀረው «የንግድ ፈንጂ» ነው። ንግድ የሚለው አጠቃቀሙን አይገልጽም። «ደማሚት» እንዳንል፣ ኖቤል እ.ኤ.አ. በ1867 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የአንድ ዓይነት ስም ነው፤ 94 ከመቶ አሞኒየም ናይትሬትና 6 ከመቶ ናፍጣ የሆነው አንፎ ደማሚት አይደለም። ለጊዜው «የሥራ ፈንጂ» ብለን መዝግበናል፤ ከካባ ሠራተኞች አፍ የተሻለ ከተገኘ እንለውጠዋለን።