«ሙድ የለኝም»

ባለፈው ጥቅምት ሐሙሲት፣ ታላቅ እህቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ወረታ ሳትደርሱ የምታገኟት፣ ስሟን ከሐሙስ ገበያዋ የወሰደች ከተማ ናት። ቀኑም ሐሙስ ነበርና እህቴ ከገበያ ገብታ አረፍ እንዳለች አዲስ አበባ ያለው ልጇ ደወለ። ስልኩን ላውድ ላይ አደረገችው።

«ምነው ድምፅህ?»

«ምንም አይደል እማዬ፤ ዛሬ ሙድ የለኝም።»

ስልኩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞረች። «ሙዳ የለኝም ነው ያለኝ? ሥጋ አምሮት ይሆን?»

ሳቅሁ። የድሮ መምህር አይደለሁ፣ ማስረዳት ጀመርኩ። «ሙድ ማለትኮ ስሜት ማለት ነው፣ እታለም።»

«ስሜት የለኝም? ሞቷል እንዴ ታዲያ?»

እናላችሁ፣ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በተማሪ ድርሰት ውስጥ እንግሊዝኛ ባየሁ ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበት ነበር። ዛሬ እንደዚያ አልቸኩልም። ቃል መዋስ ነውር አይደለም፤ ጎማንም፣ ፍሬቻንም፣ ፌርማታንም ከጣሊያን ተውሰን ኖረንባቸዋል። ሙድም ቢሆን አማርኛ ከገባ ወዲህ የራሱን ጎጆ ወጥቷል። «ሙድ ያዘብኝ» ስንል አፌዘብኝ ማለታችን ነው። «ሙዴ ናት» ያለ ጎረምሳ ወዷታል። «ሙድ አለው» የተባለ ካፌ ድባቡ ያማረ ነው። እንግሊዞች እንዲህ አይሉም ብሎ የሚቆጣ ካለ፣ የእነሱም ቃል የመጣበትን ይይ። ከሺህ ዓመት በፊት በጥንቱ እንግሊዝኛ ልብ፣ መንፈስ፣ ወኔ ማለት ነበር። የጀርመን ዘመዱ «ሙት» ዛሬም ወኔ ነው። ቃል መንገደኛ ነው፤ በደረሰበት አገር የአገሩን ይለብሳል።

የእኔ ጥል ከ«ሙድ የለኝም» ጋር ብቻ ነው።

ከፋኝ፣ ቅር አለኝ፣ ሰለቸኝ፣ ጨነቀኝ፣ ሆድ ባሰኝ... እነዚህ አንድ አይደሉም። ቅር ያለውን ሰው ይቅርታ ትጠይቁታላችሁ። የሰለቸውን ወጣ በል ትሉታላችሁ። የጨነቀውን ምን ገጠመህ ብላችሁ ትመረምሩታላችሁ። ሆድ የባሰው ሰው አጠገብ ደግሞ ዝም ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። እያንዳንዱ ቃል ለሰሚው ሥራ ይሰጣል። «ሙድ የለኝም» ያላችሁን ሰው ግን ምን ታደርጉታላችሁ? ሙዱ እስኪመጣ ትጠብቁታላችሁ!

ስሜት የሚለው ቃላችን ከመስማት ጋር አንድ ሥር አለው። ድምፅም «ተሰማኝ» ነው፤ ሐዘንም «ተሰማኝ» ነው። ከዜማ ቅኝቶቹ አንዱን «ትዝታ» ብሎ የሰየመ ሕዝብ ውስጡን የሚገልጽበት ቃል ቸግሮት አይዋስም። ታዲያ ለምን ይዋሳል?

መልሱን ያገኘሁት ከልጁ ነው። ለካ በዚያ ሰሞን ከሥራ ተቀንሶ፣ የቤት ኪራይ አቅቶት፣ ጓደኛው ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ነበር የሚያድረው። ይህን የሰማነው ከሁለት ወር በኋላ ነው። «ያን ቀን ለምን ሆድ ባሰኝ አላልክም?» ብዬ ተቆጣሁት።

«ብላትማ በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍራ ትመጣ ነበር» አለኝ።

እንግዲህ ቃሉን አሳስቶ አልነበረም። አውቆ፣ መርጦ፣ መሸሸጊያ አድርጎት ነበር። ለመሸሸጊያነት ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም፤ ሁሉ ይገባዋል፣ ማንም ምንም አያውቅበትም። እኔም ትርጉሙን የማውቀው ሰውዬ ስቄ አለፍኩ።

እህቴ ግን ያኔ የነገርኳትን ትርጉም ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። ሙዳ እንዳለች ቀረች። በዚያው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው እጅ ቋንጣና በሶ ላከችለት። ልጁ እንደነገረኝ፣ ጥቅሉ የደረሰው ኪሱ ባዶ በነበረበት ቀን ነው።