«የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ»፤ የመጽሐፍ ሒስ

የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዎር ትራውማ ፋውንዴሽንና ወርልድ ቪዥን ተባብረው እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. ያወጡት ይህ መመሪያ በነፃ የሚታደል ነው። የተጻፈውም ለሐኪም ብቻ ሳይሆን አደጋ በደረሰበት ስፍራ ቀድሞ ለሚገኝ የበጎ አድራጎት ሠራተኛና በጎ ፈቃደኛ ነው። ገንዘብ የሌለው ማኅበር ሰዎቹን የሚያሠለጥንበት ጽሑፍ በማግኘቱ አዘጋጆቹ ምስጋና ይገባቸዋል።

ትምህርቱ በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፤ ይኸውም ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት ነው። ረዳቱ በመጀመሪያ የስፍራውን ደኅንነትና የባሰበትን ሰው ያያል፤ ቀጥሎ የሚያስፈልገውን ጠይቆ ያዳምጠዋል፤ በመጨረሻም ከቤተ ዘመዱና እርዳታ ከሚገኝበት ስፍራ ጋር ያገናኘዋል። ከሁሉ የሚደነቀው፣ የተጎዳው ሰው የደረሰበትን ሁሉ እንዲተርክ ማስገደድን መከልከሉ ነው። ለቅሶ ደርሶ ከሐዘንተኛ ጎን ዝም ብሎ መቀመጥን ለሚያውቅ የአገራችን ሰው ይህ ምክር እንግዳ አይሆንበትም።

ነገር ግን አንድ ጉድለት አለበት። አራተኛው ምዕራፍ ስለ ረዳቱ ጤና ይናገራል፤ ምክሩ ግን በአብዛኛው ለረዳቱ ለራሱ የተሰጠ ነው። ዕረፍት ይውሰድ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ይነጋገር ይላል። ዕረፍቱን የሚፈቅደውና ተከታታይ የሚመድበው ግን ማኅበሩ ነው። መጽሐፉን አድሎ፣ የአንድ ቀን ገለጻ ሰጥቶ «አሠልጥኛለሁ» የሚል ማኅበር ከዚህ ምዕራፍ በቂ ተግሣጽ አያገኝም።

ይህን ስንል በጥቂት ገንዘብ የሚሰጥ ሥልጠና ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. በዚምባብዌ የጀመሩት «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» ምስክር ነው። በዚያ ሐኪም ያልሆኑ የጤና ሠራተኞች የተጨነቀውን ሰው በአግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጠው ያነጋግሩታል። በሐራሬ በ24 ጤና ጣቢያዎች በ573 ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. የታተመው ጥናት፣ ይህን እርዳታ ያገኙት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ እንደተሻላቸው አሳይቷል። ሆኖም እነዚያ ሠራተኞች ከተማሩ በኋላ ብቻቸውን አልተተዉም፤ ሥራቸውን የሚከታተል ነበራቸው።

እንግዲህ የሥልጠና ዋጋ በመጽሐፉና በመምህሩ አበል ብቻ ሊቆጠር አይገባም። የሌላውን ጭንቀት የሚሰማ ሰው የራሱን የሚሰማለት ካጣ፣ ማኅበሩ ያተረፈው ገንዘብ ከዚያ ሰው ጤና የተቀነሰ ነው። መመሪያው እንደገና ሲታተም ለማኅበራት ኃላፊዎች የሚሆን አንድ ምዕራፍ ቢጨመርበት መልካም ነው። እስከዚያው ግን የሚጠቀሙበት ሁሉ በበጀታቸው ላይ የተከታታዩን ደመወዝ አስቀድመው ይጻፉ።