የማሪያኖ ሪቬራ አንዲት ኳስ

በቤዝቦል ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ገብቶ መሪነትን ማስጠበቅ ልበ ሙሉነት ይጠይቃል። የፓናማው ዓሣ አጥማጅ ልጅ ማሪያኖ ሪቬራ እስከ እ.ኤ.አ. 2013 ለኒውዮርክ ያንኪስ ሲወረውር 652 ድሎችን አስጠብቆ ክብረ ወሰን ይዟል። አምስት ጊዜም የወርልድ ሲሪስ ዋንጫ አንሥቷል።

የሚደንቀው ግን መሣሪያው በአመዛኙ አንድ ዓይነት ውርወራ መሆኑ ነው፤ ቀጥ ብላ የምትመጣ የምትመስል፣ መቺው ዘንድ ስትደርስ ድንገት ወደ ጎን የምትሸሽ ፈጣን ኳስ። መቺዎቹ ምን እንደሚመጣባቸው እያወቁም ዱላቸው እጃቸው ላይ ይሰበር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 ለዝነኞች አዳራሽ ሲታጭ 425ቱም መራጮች ድምፃቸውን ሰጡት። ከእሱ በፊት በሙሉ ድምፅ የተመረጠ ተጫዋች አልነበረም። አንድን ሙያ ጠንቅቆ መያዝ ብዙውን ከመነካካት እንደሚበልጥ ሪቬራ ምስክር ነው።